‘አትም’ የሚለው ቁልፍ

ኦክቶበር 4፣ ማክሰኞ

ሥራውን አገኘሁት። የወይራ ዘይት ጨማቂዎች ኅብረት አዲሱን ድረ ገጹን ለእኔ ሰጠ። የኅብረቱ ጸሐፊ መዳም ናጅላ ከምሳ በኋላ ደውላ ስትነግረኝ ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቃተኝ። ዓመቱን ሙሉ ደንበኛ ሲሸሸኝ ነው የከረመው።

አንድ ችግር አለ። ድረ ገጹ በፓይተን በተጻፈ የይዘት ማስተዳደሪያ ሥርዓት እንዲሠራ ነው የሚፈልጉት፤ ዋግቴይል የሚባለው። ፕሮግራም የማያውቅ የዘይት ቤት ባለቤት እንኳ ገብቶ የራሱን ገጽ እንዲጽፍ፣ ፎቶ እንዲለጥፍ፣ ከዚያ ‘አትም’ የሚለውን ቁልፍ ተጭኖ ለሰው ሁሉ እንዲያሳይ ነው ነገሩ። «ያውቁታል አይደል?» ስትለኝ «እንዴታ» አልኳት። አላውቀውም። እስከ ዛሬ ለደንበኞቼ የሠራሁት ሁሉ ራሴ በፈጠርኩት ሥርዓት ነው። ከእኔ በቀር የሚፈታው የለም፤ በዚህም እኮራ ነበር።

የሚመረቀው ጃንዋሪ አጋማሽ ላይ፣ አውደ ርእያቸው ሲከፈት ነው። ጊዜ አለኝ።

ለሚስቴ ለራውዳ ስነግራት አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ። ወዲያው «ባባ፣ ሰማህ?» እያለች አባቷ ወዳሉበት ሳሎን ሮጠች። ደስታዬን ብቻዬን የያዝኩት ለአንድ ትንፋሽ ያህል ነው።

ኦክቶበር 12፣ ረቡዕ

ሲ ታይብ ቢሮዬን ወርሰውታል።

የራውዳ አባት ናቸው፤ እንደ ‘አቶ’ ‘ሲ’ ብዬ ነው የምጠራቸው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ከርከና ደሴት ያለውን ቤታቸውን ዘግተው ስፋክስ ከተማ ከእኛ ጋር ይኖራሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የዐረብኛ ሰዋስው ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ሚስቴ ወደ ፋርማሲዋ፣ ልጃችን ኤምና ወደ ትምህርት ቤቷ ሲሄዱ ፎቁ ጭር ስለሚልባቸው፣ ከጋራዥነት ወደ ቢሮነት የለወጥኳት ክፍል ድረስ ጋዜጣቸውን ይዘው ይወርዳሉ። ያነባሉ። ያስላሉ። ሻይ ያፈላሉ። ከዚያ ጥያቄ ይጀምራሉ።

ዛሬ የሥርዓቱን አርማ ስክሪኔ ላይ አይተው ይህ ምን ወፍ ነው አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። እሳቸው ግን አወቋት፤ ብርድ ሲገባ ደሴታቸው ላይ የምትመጣ፣ ጅራቷን ከፍ ዝቅ የምታደርግ ትንሽ ወፍ ናት። ስለ ወፏ ሲያወሩ ጠዋቱ አለቀ። እንዲተዉኝ ብዬ የሥርዓቱን የጀማሪዎች ትምህርት በወረቀት አውጥቼ ሰጠኋቸው። ሁለተኛው ገጽ ላይ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል ብዬ ነበር።

እርሳስ ጠየቁኝ።

ኦክቶበር 19፣ ረቡዕ

ቸኩያለሁ። የመረጃው ሞዴል፣ የዳታቤዙ ሚግሬሽን፣ ገጹ የሚቀረጽበት አብነት። አንዱን ስነካው ሌላው ይሰበራል። የእኔ ሥርዓት እንዲህ አልነበረም። ከኋላዬ ሲ ታይብ ወረቀት ይገልጣሉ። የወረቀት ድምፅ እንዲህ ያናድዳል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ኦክቶበር 27፣ ሐሙስ

አንድ ስህተት ቀኑን ሙሉ ይዞኝ ዋለ። ገጹ መከፈት ሲገባው ረጅም መልእክት ይተፋል። እዘጋዋለሁ፣ አንድ ነገር እለውጣለሁ፣ እንደገና ይተፋል። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሲ ታይብ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መጡ።

«ላስአድ ልጄ፣ ተናግሮ ሳይጨርስ ትዘጋበታለህ» አሉኝ። «መጨረሻውን መስመር አንብበው። ጥፋትህን የሚነግርህ እዚያ ነው።»

አነበብኩት። አንዱን ስም ሁለት ቦታ በሁለት ዓይነት ፊደል ጽፌው ኖሯል። ወዲያው ተስተካከለ። አመሰገንኳቸው፤ በደንብ አመሰገንኳቸው።

እራት ላይ ራውዳ ስለ አለቃዋ የሆነ ነገር ስታወራ እኔ ስለዚያ መስመር ነበር የማስበው። «እየሰማኸኝ ነው?» አለችኝ። እየሰማሁ ነው አልኳት።

ኖቬምበር 6፣ እሑድ

ሲ ታይብ ገጽ ሠሩ። እኔ ሳላግዛቸው፣ ከወረቀቱ እያዩ በሁለት ጣት እየጻፉ። ለልምምድ ብለው ስለ ደሴታቸው ኦክቶፐስ አጥማጆች ነው የጻፉት። መሀሉ ላይ የሚስታቸውን ፎቶ አስገብተዋል፤ ገመድ ላይ ኦክቶፐስ ሲያሰጡ፣ ቀሚሳቸውን ወደ ላይ ሸብ አድርገው፣ አንሺውን የሚቆጡ ይመስላሉ። ‘አትም’ን ሲጫኑ ራውዳን፣ ኤምናን፣ እኔን ከኋላቸው አቆሙን።

ራውዳ ፎቶውን እንዳየች መሳቅ ጀመረች። እስኪያስነባት ሳቀች። ከእናቷ ቀብር ወዲህ እንዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። እኔ ምን ያላደረግኩት አለ? ሃማማት ባሕር ዳር ለመዝናናት ወሰድኳት፣ የወርቅ ጉትቻ ገዛሁላት። አመሰግናለሁ ነበር መልሷ።

ለምን እንዲህ እንደሚደክሙ ስጠይቃቸው ሲ ታይብ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ጭንቅላቴ ሥራ ካላገኘ የሷን መንገድ እንዳይሄድ እፈራለሁ» አሉ። ሚስታቸው ከመሞታቸው በፊት እሳቸውን እንኳ አያውቋቸውም ነበር፤ ‘አንተ ሰውዬ፣ ወደ ቤትህ ሂድ’ ይሏቸው ነበር። «በየቀኑ አንድ አዲስ ነገር እማራለሁ፣ ጠዋት ስነሳ ራሴን እፈትናለሁ። እስካሁን አልወደቅኩም።»

ጥሩ ነው አልኳቸው። ገጹ ላይ ግን ፎቶው ትንሽ ተለጥጧል። ይህን አልነገርኳቸውም።

ኖቬምበር 16፣ ረቡዕ

የዐረብኛው ገጽ ሲያሰቃየኝ ሰነበተ። ማውጫው ከቀኝ መጀመር ሲገባው ከግራ ይጀምራል፤ ስልክ ቁጥሮቹ ደግሞ ጅራትና ራሳቸው ይገለበጣል። ሌላ ሥራ ይዤ ሳለ ሲ ታይብ አብነቱን ቃል በቃል ሲመረምሩት ሰንብተው ኖሮ፣ አቅጣጫውን ያወጅኩት በተሳሳተ ቦታ እንደሆነ አገኙ። ቁጥሮቹን ደግሞ ለብቻቸው አጥር አበጁላቸው። ጽሑፉ እንደ መጽሐፍ ቀጥ ብሎ ቆመ።

አጋጣሚ ሆኖ መዳም ናጅላ ሥራውን ልታይ የመጣችው ዛሬ ነው። ማን እንዳስተካከለው ጠየቀች። እሳቸው ሻይ ይቀዳሉ። እኔ ነኝ የነገርኳት፤ ይህ ይጻፍልኝ። እኔው ራሴ ነኝ የነገርኳት። ከዚያ በኋላ እሳቸውን «ኡስታዝ» እያለች ስለ ሰዋስው ስታወራ አንድ ሰዓት ቆየች። አባቷም አስተማሪ ነበሩ አሉ። እኔን ስትሰናበተኝ ስሜን አልጠራችም።

ይህ ቅናት አይደለም። ሰባ ሊሞላቸው በተቃረበ ሰው ማን ይቀናል?

ኖቬምበር 25፣ ዓርብ

ከመስጊድ ስመለስ ራውዳ በረንዳው ላይ ቱኒስ ካለችው እህቷ ጋር በስልክ ታወራለች። ደረጃው ላይ ሆኜ ሰማኋት። «ባባ ባይኖር ላስአድ ይህን ሥራ ብቻውን አይወጣውም ነበር» አለች። ቀጥላ የምትለውን ልሰማ አልቆየሁም። ወደ ቢሮ ወረድኩ።

ሚስት ስለ ባሏ እንዲህ ትላለች? ለእህቷ? እህቷ ለባሏ ትነግረዋለች፤ ያ ሰውዬ ደግሞ ከድሮም አይወደኝም።

ዓሣ ያለበት ኩስኩስ ለእራት ቀረበ። ሲ ታይብ ከራሳቸው ሳህን ትልቁን የዓሣ ቁራጭ አንስተው እኔ ሳህን ላይ አደረጉልኝ። «የሚሠራ ሰው ይብላ» አሉ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አላውቅም። ዓሣው አልወረደልኝም።

ዲሴምበር 2፣ ዓርብ

ራውዳ ለአባቷ አዲስ ላፕቶፕ ገዛችላቸው። ከእኔው ላፕቶፕ ይበልጣል። ለልደቴ ሹራብ ነበር የሰጠችኝ።

ኤምና የሒሳብ ደብተሯን ይዛ ትመጣለች፤ እኔን አልፋ ወደ እሳቸው ጠረጴዛ ትሄዳለች። ስልኩ ይጮኻል፤ መዳም ናጅላ ናት፤ «ኡስታዝ አሉ?» ትላለች። በገዛ ቢሮዬ ስልክ አቀባይ ሆንኩ።

ዲሴምበር 6፣ ማክሰኞ

ዛሬ የተጠቃሚዎችን ፈቃድ ማስተካከል ነበረብኝ። በዚህ ሥርዓት ሰው በቡድን ይከፈላል። አስተዳዳሪ የሆነ ሁሉን ማድረግ ይችላል። ጸሐፊ የሆነ ይጽፋል እንጂ አያትምም፤ ሌላ ሰው እንዲያጸድቅለት ይልካል። ‘አትም’ የሚለውን ቁልፍ ጭራሽ አያየውም። ይህን ክፍል ሲ ታይብ አያውቁትም፤ የእኔ ሥራ ነው፣ ይዝለሉት ብያቸው ነበር።

እሳቸውን ከአስተዳዳሪዎች አውጥቼ ከጸሐፊዎች አስገባኋቸው። አንዲት ምልክት ማንሳት ናት። የደንበኛ ድረ ገጽ ነው፤ ቁልፉ በሁሉም እጅ አይሆንም፤ ማንኛውም ባለሙያ የሚያደርገው ነው።

ነገ እነግራቸዋለሁ።

ዲሴምበር 8፣ ሐሙስ

«ላስአድ፣ ‘አትም’ የሚለው የት ሄደ?» አሉኝ።

እየሠራሁ ነበር። ቀና አላልኩም። «በነበረበት ነው» አልኳቸው።

አፌ ነው ያለው። ለማረም አንድ አፍታ ነበረኝ፤ ከዚያ ስልኩ ጮኸ።

ዲሴምበር 13፣ ማክሰኞ

ትምህርቱን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው እንደገና እያነበቡ ነው። እርሳሳቸው መስመር በመስመር ይወርዳል። ጠዋት መጥተው አሳየኝ አሉኝ። በእኔ ስክሪን ላይ አሳየኋቸው፤ ቁልፉ አረንጓዴ ሆኖ ቁጭ ብሏል። ረጅም ሰዓት አዩት። «አዎ፣ ይኸውና» ብለው ወደ ጠረጴዛቸው ተመለሱ። ተከትያቸው አልሄድኩም።

የሚጽፉት ሁሉ አሁን ወደ እኔ ይመጣል፣ እኔ አትመዋለሁ። ሥራው ፈር ይዟል። መዳም ናጅላም ከእኔ ጋር ነው የምታወራው፤ ኡስታዝ ሰሞኑን ዝም ብለዋል አለችኝ። ብርዱ ነው አልኳት።

በደንብ ተኛሁ።

ዲሴምበር 18፣ እሑድ

ራውዳ ሽንኩርት ስትከትፍ እጇን አቁማ ነገረችኝ። አባቷ ትናንት ብቻዋን ጠርተዋት «እናትሽ መጀመሪያ የጠፋባት ነገር ምን ነበር?» ብለው ጠየቋት። እሷም ነገረቻቸው፤ ምድጃ ማጥፊያው ነበር፤ እናቷ ፊት ለፊቷ እያለ ትፈልገው ነበር። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ምን ታይቶት ነው እንዲህ ያለኝ?» አለችኝ። ቢሮ ውስጥ የተለየ ነገር አይቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

ዕድሜ ነው፣ ድካም ነው አልኳት።

እነግራቸዋለሁ። ግን እንዴት ተብሎ ይጀመራል? በመጀመሪያው ቀን ቢሆን ቀላል ነበር። አሁን ለምን እስከ ዛሬ ዝም አልክ ይባላል። መልስ ያስፈልጋል። የድረ ገጹ ደህንነት ነው ልል እችላለሁ። ደህንነት ነው እኮ!

ዲሴምበር 21፣ ረቡዕ

መፍትሔ አገኘሁ። ሲ ታይብ ከመውረዳቸው በፊት ምልክቷን መልሼ አደረግኩ፤ አስተዳዳሪ ናቸው። ማንም ሳይጎዳ አለቀ ብዬ ቡናዬን ጠጣሁ።

ላፕቶፓቸውን ከፈቱ። ቆዩ። ከዚያ ወንበራቸው ወደ ኋላ ሲንፏቀቅ ሰማሁ።

«ተመለሰ።»

«ምኑ?»

«ቁልፉ። ትናንት አልነበረም፤ ዛሬ አለ።»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። እምላለሁ፣ አፌን ከፍቼ ነበር። «ምናልባት አላዩት ይሆናል» አልኩ።

ፊታቸው አመድ መሰለ። «ይሆናል» አሉ። ላፕቶፑን በቀስታ ከደኑት፤ እንቅልፍ የያዘው ሕፃን ላይ በር እንደሚዘጋ ሰው። ጋዜጣቸውንም ሳይዙ ወደ ላይ ወጡ።

ከማስወገዴ መመለሴ ባሰ።

ጃንዋሪ 3፣ ማክሰኞ

ትምህርት ቤት ከዕረፍቱ በኋላ ዛሬ ተከፈተ። ኤምናን ከትምህርት ቤት የሚያመጧት ሲ ታይብ ናቸው፤ አሮጌዋን መኪናቸውን ማንም አያስነካም ነበር። ጠዋት የመኪናዋን ቁልፍ ራውዳ ፊት ለፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ከእንግዲህ እኔ አላመጣትም» አሉ። «መንገዱ ላይ አንድ ነገር ቢጠፋብኝስ? ልጅ ይዤ ነው።»

ኤምና ምን አድርጌ ነው ብላ አለቀሰች። ራውዳ አባቷን አቀፈቻቸው። እኔ ምን እንዳደረግኩ እነሆ፦ እኔ አመጣታለሁ አልኩ። ራውዳ በምስጋና አየችኝ። በወራት ውስጥ እንዲህ አይታኝ አታውቅም።

ከምረቃው በኋላ እነግራቸዋለሁ። አሁን ከተናገርኩ ሥራው ይበላሻል፤ ሥራው ከተበላሸ ሁላችንም እንጎዳለን። ከምረቃው በኋላ።

ጃንዋሪ 9፣ ሰኞ

ሐኪም ቤት ሄድን። የነዳሁት እኔ ነኝ። ከፊት ሲ ታይብ፣ ከኋላ ራውዳ።

ሐኪሙ ወጣት ነው። አምስት ቃላት ነገራቸው፤ ሌላ ሌላ ጠያይቋቸው ሲያበቃ ቃላቱን መልሰው እንዲሉለት ጠየቃቸው። የሁለት ሺህ መስመር ግጥም በቃላቸው የሚወርድላቸው ሰው ሦስቱን ብለው ቆሙ። ላባቸው አንገታቸው ላይ ወረደ። ቀኑ ስንት እንደሆነ ሲጠየቁ ወደ ራውዳ ዞሩ፤ እናቷም ልክ እንዲህ ነበር የሚዞሩት። የጭንቅላት ምስል እንዲነሱ ታዞ ወጣን።

ፍርሃት ነው እንጂ ሌላ አይደለም። ሰው ሲፈራ ቀን ይጠፋበታል። ይህን የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። መሪውን ይዤ ይህን አስባለሁ፣ መኪናውን እነዳለሁ፣ መብራት ሲይዘኝ እቆማለሁ።

ቤት ስንደርስ ራውዳ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧ ከፈተች። ውኃው ለረጅም ጊዜ ፈሰሰ።

ጃንዋሪ 14፣ ቅዳሜ

ተመረቀ። አዳራሹ ሙሉ ነበር። አንድ አዛውንት የዘይት ቤት ባለቤት መድረክ ላይ ወጥተው፣ ስማቸውን ራሳቸው ጽፈው፣ ፎቶአቸውን ለጥፈው፣ ‘አትም’ን ሲጫኑ ገጻቸው በትልቁ ስክሪን ላይ ወጣ። ሰው አጨበጨበ። ዐረብኛው ከቀኝ ቀጥ ብሎ ይፈስሳል፤ ስልክ ቁጥሮቹ አልተገለበጡም። ይህን ያማረ ዐረብኛ ማን ሠራው ብለው ጠየቁኝ።

«እኛ» አልኩ።

መዳም ናጅላ ኡስታዝ ለምን እንዳልመጡ ጠየቀችኝ። ትንሽ አሟቸዋል አልኩ። ከልቧ አዘነች። ሰው ሁሉ እጄን ይጨብጣል፣ ካርዴን ይጠይቃል። ይህችን ቀን ከኦክቶበር ጀምሮ ስጠብቃት ነበር። መጥታ ስታበቃ እንደ ሰው ልብስ ሰፋችኝ።

ጃንዋሪ 15፣ እሑድ

በደንብ ልጻፈው።

ከሰዓት በኋላ ሲ ታይብ ወደ ቢሮ ወረዱ፤ ከአዲስ ዓመት በፊት ጀምሮ ወርደው አያውቁም። እንኳን ደስ አለህ አሉኝ። ከዚያ ከኪሳቸው የተጣጠፈች ወረቀት አወጡና ይህችን በትልልቁ ጽፈህ በማሽን አውጣልኝ፣ የእኔ ጽሕፈት ይንቀጠቀጣል አሉ። ወረቀቷ ላይ ስማቸው፣ የግሬምዳ መንገድ አድራሻችን፣ የራውዳ ስልክ ቁጥር አለ።

«ለምንድን ነው?» አልኳቸው። መልሱን እያወቅኩ።

«ለሸሚዝ ኪስ። ለራውዳ እናትም አደርግላት ነበር። ሰው አንብቦ ወደ ቤት እንዲያመጣት። ከመፈለጉ በፊት ቢኖር ይሻላል።» ፈገግ ሊሉ ሞከሩ። «ስሜን በደንብ አድርገህ ጻፈው። ፊደሉ እንዳይዛነፍ።»

መጻፍ ጀመርኩ። ታይብ ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ጣቴ አልሄድ አለኝ።

«ሲ ታይብ፣ ቁልፉ አልነበረም» አልኩ።

«የቱ ቁልፍ?»

«‘አትም’ የሚለው። እኔ ነኝ ያነሳሁት። ፈቃድዎን ቀነስኩት፤ ለዚያ ነው የጠፋው። በኋላም መልሼ አደረግኩት። እርስዎ ምንም አልጠፋብዎትም።»

ወንበር ስበው ተቀመጡ። መነጽራቸውን አወለቁ። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ እንዲሰድቡኝ ፈለግኩ።

«አልነበረም?» አሉ።

«አልነበረም።»

«ሐሙስ ዕለት፣ መጀመሪያ ስጠይቅህ?»

«ያኔም አልነበረም።»

«በማግሥቱስ? ዓይኔን ጨፍኜ ስገልጥ?»

«አልነበረም፣ ሲ ታይብ።»

ሁለት እጃቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ የሚያለቅሱ መሰለኝ፤ እጃቸውን ሲያነሱ ግን ፊታቸው እርጥብ ሆኖ ይስቁ ነበር። «በትክክል ነው ያየሁት» አሉ። «በትክክል ነው እኮ ያየሁት።» ደጋግመው ይህንኑ አሉ። ለራሳቸው ነው፣ ለእኔ አይደለም።

ከዚያ ነው ለምን ያሉኝ።

ደህንነት የሚለውን ቃል አዘጋጅቼው ነበር። ሳምንታት ሙሉ ነው ያዘጋጀሁት። አልወጣ አለኝ። «ቀናሁ» አልኩ።

«በእኔ?» አሉ። የምራቸውን ነው የገረማቸው። «እኔ እኮ ራውዳ እንዳትቸገር፣ አንተም ሸክሙ እንዲቀልልህ ብዬ ነበር። ‘ላስአድ ዘንድሮ ፊቱ ጠቆረ፣ ብቻውን ነው፤ ባባ፣ አጠገቡ ሁንለት’ ያለችኝ እሷ ናት።» መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «አሁን ተነሥ። ይህን ለእሷ ንገራት። አሁኑኑ፣ እኔ ባለሁበት። ልጄ ዛሬ ትተኛ።»

ደረጃውን እሳቸው ቀደሙ።

ራውዳ ሳህን ታጥብ ነበር። ነገርኳት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ሳልዘልል። ቧንቧውን ዘጋችው። አልጮኸችም። እጇን በፎጣ ጣት በጣት አደረቀች።

«ሐኪም ቤት ስንሄድ ታውቅ ነበር?» አለችኝ።

«አውቅ ነበር።»

«መኪናውን የነዳኸው አንተ ነህ።»

«አዎ።»

አባቷን ክንዳቸውን ይዛ ወደ ሳሎን ወሰደቻቸው። ሲ ታይብ በሩ ላይ ዞር ብለው የመኪናዋ ቁልፍ የት እንዳለ ጠየቁ።

ጃንዋሪ 17፣ ማክሰኞ

ሲ ታይብ ወረዱ። ይዝለሉት ያልከኝን ክፍል አምጣው አሉኝ። ስለ ቡድንና ስለ ፈቃድ አስተማርኳቸው። ምልክቷ የት እንደምትነሳ አሳየኋቸው። እሳቸው በእርሳስ ጻፉ። የሐኪሙን ቀጠሮ አልሰረዙትም። «እንሂድ፤ አሁን አልፈራውም» አሉ። የቀጠሮውን ቀንም ነገሩኝ፤ እኔ ነበርኩ የተሳሳትኩት።

ጃንዋሪ 23፣ ሰኞ

ራውዳ የምትተኛው ኤምና ክፍል ነው። ስለ ገበያ ታናግረኛለች፣ ስለ መብራት ክፍያ ታናግረኛለች። ትናንት ይቅርታ ስላት «አባቴ ይቅር ካለህ እሱ የራሱ ጉዳይ ነው። እኔ ገና ነኝ» አለችኝ። መቼ እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ዛሬ ከሰዓት መዳም ናጅላ ደወለች። አንዱ ዘይት ቤት ገጹ ላይ አዲስ ክፍል ይፈልጋል። ኡስታዝ አሉ ወይ አለች። የልጅ ልጃቸውን ሊያመጡ ወጥተዋል፣ እኔ ልርዳዎት አልኳት።

«ግድ የለም፣ እስኪመጡ እጠብቃለሁ» አለች።

ስልኩን አስቀመጥኩ። ያው ነገር ያው ቦታ ላይ ወጋኝ። ባለፈው ወር ቢሆን ሌላ ስም እሰጠው ነበር። እዚያው ተቀምጬ የመኪናዋን ድምፅ ጠበቅኩ። ስትደርስ ሰማሁና የግቢውን በር ልከፍትላቸው ወጣሁ።